በረደና ተመልሶ ጋቢ ጨመረ፦ ስለ መስቀለኛ ቃላት ፍንጭ አጻጻፍ

አያት ጫፍ ላይ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር አንዲት ሱቅ አለች። ባለፈው ክረምት፣ መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች በደብተር ወረቀት ላይ አስምሬ የሠራሁትን የመስቀለኛ ቃላት ሰንጠረዥ ቅጂ አስነሥቼ በሱቋ መስኮት ላይ አኖርሁ። ጎረቤቱ ዳቦና ዘይት ሊገዛ ሲመጣ አንዳንድ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ማታ ሞልቶ ይመልሳል። ከአግድም ፍንጮቹ አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦

«ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ የምትገኝ ከተማ (3)»

በቅንፍ ያለው ቁጥር መልሱ ስንት ፊደል እንደሆነ ይናገራል። እኔ ያሰብሁት ገላንን ነው። የተመለሱትን ወረቀቶች ስገልጥ አንዱ ሰበታ ብሎ ሞልቷል፣ ሌላው ዱከም፣ ሌላዋ ቡራዩ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ሳጥኖቹን ባዶ ትታ አመጣችና «ጋሼ፣ ሆለታስ ምን ጎደላት?» አለችኝ።

ምንም አልጎደላትም። አምስቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ዳር አልፈው ይገኛሉ፤ አምስቱም በሦስት ፊደል ይጻፋሉ፤ ስለዚህ አምስቱም ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የፍንጩ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍንጭ አጻጻፍን እንደ አንድ ሙያ መማር ጀመርሁ፤ የተማርሁትንም እዚህ ላብራራ።

በጋዜጦቻችን የምናገኛቸው አብዛኞቹ የአግድምና የቁልቁል ፍንጮች የዕውቀት ጥያቄዎች ናቸው፦ የአንድ አገር ዋና ከተማ፣ የወንዝ ስም፣ የንጉሥ ስም። እነዚህ ነውር የለባቸውም። ነገር ግን የሚያውቅ ወዲያው ይጽፋል፤ የማያውቅ ቢያስብ ቢያሰላስል አይደርስበትም። ከቃሉ ጋር የሚደረግ ትግል የለም። በቅኔ፣ በኅብረ ቃል፣ «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ?» እየተባባለ ላደገ ሕዝብ ይህ በጣም ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታው ሲወለድም እንዲሁ ቀላል ነበር። ሊቨርፑል ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ጋዜጠኛ አርተር ዊን የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው። ሰንጠረዡ እንደ ዛሬው አራት ማዕዘን ሳይሆን በጫፉ የቆመ አልማዝ ይመስል ነበር፤ ፍንጮቹም ከመዝገበ ቃላት ፍቺ ብዙ አይርቁም። እ.ኤ.አ. በ1924 በመጽሐፍ ታትሞ አሜሪካን ካጥለቀለቀ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ግን ጠባዩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1926 ቶርኬማዳ የሚል የብዕር ስም ያለው ኤድዋርድ ፓዊስ ማዘርስ ኦብዘርቨር በተባለው ጋዜጣ ላይ ፍንጩን ራሱን እንቆቅልሽ አደረገው። ቶርኬማዳ የስፔን ሃይማኖታዊ ችሎት ዋና መርማሪ የነበረ ሰው ስም ነው፤ ፈቺውን ሊያሠቃይ መነሣቱን በስሙ አስታውቋል ማለት ነው።

የእንግሊዞቹ ፍንጭ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የመልሱ ፍቺ ነው፤ ሁልጊዜም በፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ቃሉ እንዴት እንደተገነባ የሚናገር የቃል ጨዋታ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመስላሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ የሚያወራ ነው። ፈቺው ያንን ላይ ላዩን የሚታይ ወሬ ገፎ መጣል አለበት።

ይህን ስሰማ «ሰምና ወርቅ ነው እኮ!» ማለቴ አልቀረም። አንጥረኛ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰዋል፣ ወርቁን በቦታው ይሞላዋል። የቅኔ መምህራን ስሙን ከዚህ ወሰዱት። ልዩነት ግን አለ። በቅኔ ሰሙም ወርቁም ይፈለጋሉ፤ ሰሙ ካማረ ወርቁ የበለጠ ያምራል። በመስቀለኛ ቃላት ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ አገልግሎቱን ጨርሷል። ቅኔ ብዙ ወርቅ ቢወጣለት ክብሩ ነው፤ ፍንጭ ግን ከአንድ በላይ መልስ ካለው ተበላሸ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ሳጥኖቹ የሚቀበሉት አንዱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው እንግባ። በጣም የምወደውን ላስቀድም፦

«በረደና ተመልሶ ሌላ ጋቢ ጨመረ (3)»

እኛ ሰፈር ከየካ ተራሮች የሚወርደውን የማታ ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ወሬ ያነበዋል። «ተመልሶ» የሚለው ቃል ግን ወደ ቤት ስለተመለሰ ሰው አይናገርም፤ የፊደሎቹን መመለስ ነው የሚናገረው። በረደ የሚለውን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት፦ ደረበ። «ሌላ ጋቢ ጨመረ» ፍቺው ነው። ከፍንጩ ውስጥ ያለ ሥራ የቀረ አንድ ቃል የለም፤ «ና» እንኳ ሁለቱን ክፍሎች አያይዛለች። እንዲህ ያለ ፍንጭ ሲገኝ እንደ ስጦታ ነው፤ እኔ አልፈጠርሁትም፣ ቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሦስት ፊደል ያላቸው ብዙ ግሶቻችን ሦስቱም ፊደላቸው ግዕዝ፣ ማለትም እንደ «በ» የመጀመሪያው ድምፅ፣ ነው፦ በረደ፣ ደረበ፣ ቀበረ፣ ቀረበ፣ መረቀ፣ ቀመረ፣ ቀረመ። አናባቢያቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ፊደሎቹን እንደ ጠጠር ማቀያየር ይቻላል። ከረመ ተቀያይሮ መከረ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ ከመረ። እንግሊዝኛ ፊደል ማቀያየር የሚችለው ተነባቢና አናባቢ ተለያይተው ስለሚጻፉ ነው። የእኛ ፊደል ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ የያዘ ነው፤ ስለዚህ «በ» እና «ቡ» ለአዘጋጁ ሁለት የተለያዩ ጠጠሮች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ግሶች ግን ይህን እስር ያላሉልናል።

ከዚህ የሚበልጠው ሀብት ሁለት ፊደል ያላቸው ግሶች ጋ ነው። እስቲ እነዚህን ተመልከቱ፦ ሰማ ሲገለበጥ ማሰ፣ ሰላ ሲገለበጥ ላሰ፣ ሠራ ሲገለበጥ ራሰ፣ ሰካ ሲገለበጥ ካሰ፣ ረዳ ሲገለበጥ ዳረ፣ ለጋ ሲገለበጥ ጋለ። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በግዕዝ ቋንቋ እነዚህ ቃላት ሦስት ተነባቢ ነበራቸው፦ ሰምዐ፣ ሠርዐ፣ ረድአ፤ እንዲሁም ልሕሰ፣ ርሕሰ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን እየጣለ ሲመጣ፣ መጨረሻ ላይ የነበረው ድምፅ ሲወድቅ ሰማ፣ ሠራና ረዳ ቀሩ፤ መሃል ላይ የነበረው ሲወድቅ ደግሞ ላሰና ራሰ ቀሩ። የመጀመሪያዎቹ ግዕዝና ራብዕ ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ ራብዕና ግዕዝ። አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ነው። ቋንቋው ድምፅ ሲያጣ ለቃል ጨዋታ ትልቅ መስክ ከፈተልን፤ ይህን ባወቅሁ ቀን ሌሊቱን ግሶች ስገለብጥ አድሬአለሁ።

ይኸው የድምፅ መውደቅ ሌላም ነገር ሠርቷል። «ሳለ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በግዕዝ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሠራ ነው፤ ሰዐለ ማለት አስሎት ጉሮሮውን ጠረገ ነው፤ ሰሐለ ማለት ስለት አወጣ ነው። ሦስት ቃላት ነበሩ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆነ፤ ሠዓሊውም ሳለ፣ ጉንፋን የያዘውም ሳለ፣ ካራ ይዞ ሞረድ ላይ የተቀመጠውም ሳለ። ስለዚህ፦

«ሠዓሊው ያደረገው፣ ጉንፋን የያዘውም ያደረገው (2)»

ብሎ መጻፍ ይቻላል። ካራ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ከእኛ ሰፈር ሰሜን ያለው ሰፈር ስሙ ካራ ነው። «ከኮተቤ በላይ ያለ ሰፈር፣ ሥጋ የሚቆርጥ (2)» ብትሉ ሁለቱም ፍቺ ወደ አንድ ቃል ያደርሳል። ይህ ዓይነቱ ፍንጭ የቃል ግንባታ የለውም፤ ሁለት ፍቺዎች ብቻ ናቸው፤ የቅኔው ኅብር በአጭሩ ይኸው ነው። ጥሩ የሚሆነው ሁለቱ ፍቺዎች ተገናኝተው አንድ ሐረግ ሲመስሉ ነው፦

«ከሁሉ የሚቀድም የውኃ ስፖርት (2)»

መልሱ ዋና። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት አንዱን ዋና ይፈታሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ሌላውን። ስንናገረው ግን ሁለቱ አይመሳሰሉም፤ አለቃ የሆነው ዋና «ና»ው ይጠብቃል፣ የመዋኘቱ ዋና ይላላል። በተለመደው ጽሑፋችን የማጥበቂያ ምልክት የለም። ገና በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ሲሆን ይላላል፤ አለ «ተናገረ» ሲሆን ይላላል፣ «ይገኛል» ሲሆን ይጠብቃል። ለጀማሪ አንባቢ ይህ ችግር ነው። ለፍንጭ ጸሐፊ ግን ዓይን አንድ ነገር ሲያይ ጆሮ ሁለት የሚሰማበት ቦታ ነው፤ ደጋግሜ የምመለሰውም ወደዚያ ነው።

የሰፈራችን ስም ራሱ ሦስት ቃል ነው። አያት የእናት ወይም የአባት ወላጅ ነው፤ አያት በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር የምሥራቅ ማብቂያ ነው፤ አያት ደግሞ፣ «ያ» ሲጠብቅ፣ እሷን ተመለከታት ማለት ነው። ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለማስገባት ብዙ ወረቀት አበላሽቼ እዚህ ደረስሁ፦

«ከባቡሩ ማብቂያ ተመለከታት፤ የእናቱ እናት ናት (3)»

«ናት» እና «ከ» ትንሽ ትርፍ ናቸው፤ አሁንም አላረካኝም። የተሻለ ያገኘ ጎረቤት ካለ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ።

ቃልን ከሁለት ቃል መገጣጠም ሌላው መንገድ ነው። በር እና በሬ ሲገጥሙ በርበሬ ይሆናሉ። መጀመሪያ እንዲህ ጻፍሁ፦ «ደጅ ላይ የቆመ በሬ ወጥ ያቀላል (4)»። ሁለት ጥፋት አለበት። በሬ የሚለውን ቃል ራሱን አስቀምጫለሁ፤ የመልሱን ግማሽ ገበያ ላይ አስጥቶ እንደመሄድ ነው። ሁለተኛውና የባሰው፣ «ወጥ ያቀላል» ግስ ነው፣ በርበሬ ግን ስም። እንዲህ አረምሁት፦

«ከደጅ ኋላ የቆመ ቀንበር ተሸካሚ፣ ወጥ የሚያቀላ (4)»

«ከደጅ ኋላ» የሚለው ቅደም ተከተሉን ይናገራል፤ በር ቀድሞ በሬ ይከተላል። «ወጥ የሚያቀላ» አሁን የነገሩ ስም ቦታ መግባት ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውሰዱና ፍቺው በተቀመጠበት ቦታ መልሱን ተኩበት፤ ዓረፍተ ነገሩ ካልተሰበረ ፍቺው ልክ ነው። በአማርኛ ይህ ሕግ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይጠብቃል፤ ግሳችን ማን እንዳደረገው፣ ማንን እንዳደረገው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ መቼ እንደሆነ ሁሉንም በአንድ ቃል ተሸክሟል። መልሱ «ጋገረች» ከሆነ ፍንጩ «እንጀራ አዘጋጀች» ይላል እንጂ «እንጀራ ማዘጋጀት» ወይም «እንጀራ አዘጋጀ» አይልም። መልሱ እንደ ት/ቤት ያለ ምሕጻረ ቃል ከሆነ ፍንጩም «በአጭሩ» ብሎ ማስጠንቀቅ አለበት።

መደበቅም አለ። ለልጆች የምጀምረው በዚህ ነው፤ መልሱ ዓይናቸው ፊት ስለሚገኝ ደስታቸው ልዩ ነው። «በገና ዳቦ መሃል ከገደል የሚወርድ (2)» ብትሉ፣ ከ«ገና ዳቦ» መሃል ያሉትን ሁለት ፊደሎች ሲያነሡ ናዳ ይወጣል። «ብር በውስጡ የያዘ፣ ለመንግሥት የሚከፈል (3)» ብትሉ ግብር ነው። ገበሬም በውስጡ በሬ አለው፤ ይህን አንድ ቀን ጥሩ ዓረፍተ ነገር አገኝለታለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ስለማስብበት ጉዳይ፣ ስለ ታማኝነት። ከእንግሊዞቹ አዘጋጆች አፍሪት በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1949 የአዘጋጁን ግዴታ በአንድ አረፍተ ነገር አስቀምጦታል። ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ የምናገረውን ማሰብ ግዴታዬ አይደለም፤ የማስበውን መናገር ግን ግዴታዬ ነው። አዘጋጁ ፈቺውን ሊያሳስት ተፈቅዶለታል። ሊዋሽ ግን አልተፈቀደለትም። ቶርኬማዳን የተካው፣ ዚሜኔስ የሚባለው ማክነት ይህን ሐሳብ ወደ ጥብቅ ሕግ ለወጠው፦ ትክክለኛ ፍቺ፣ የታመነ የቃል ጨዋታ፣ ከዚያ ውጭ ምንም። ሕጉ ዛሬም ያከራክራል፤ እኔ ከዚሜኔስ ጋር ነኝ። ትርፍ ቃል ያለበት ፍንጭ ፈቺውን በሌለ ዱካ ይልከዋል፤ ይህ ብልሃት ሳይሆን ንቀት ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ፤ ምክንያቱም ይህን ስህተት ሠርቼዋለሁ፦

«አገዘ ሲመለስ ልጁን ለወግ ማዕረግ አበቃ (2)»

አገዘ ማለት ረዳ ነው፤ ሲገለበጥ ዳረ። ነገር ግን «ሲመለስ» መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊጎተት ይችላል። ረዳ ተገልብጦ ዳረ ሆነ ወይስ ዳረ ተገልብጦ ረዳ ሆነ? ሁለቱም ሁለት ፊደል ናቸው፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። መፍትሔው ቃሉን ከመሃል ማንሣት ነው፦

«ሲመለስ አገዘ፤ ልጁን ለወግ ማዕረግ አበቃ (2)»

አሁን የሚመለሰው ማን እንደሆነ አያጠራጥርም፤ መልሱ ዳረ ብቻ ነው። በረደና ደረበ ላይ ይህ ችግር የማይነሣው «በረደ» ራሱ በፍንጩ ውስጥ ስለተጻፈ ነው፤ የተጻፈ ቃል መልስ ሊሆን አይችልም።

ሁለት መልስ ያለው ፍንጭ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ወይ ላለኝ ሰው አንድ ቀን ጥፋት እንዳልነበረ እነግረዋለሁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1996፣ የአሜሪካ ምርጫ በሚካሄድበት ዕለት፣ ጄሬማያ ፋሬል በኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው ሰንጠረዥ የነገ ጋዜጣ ዋና ዜና ምን እንደሚሆን ጠየቀ። ፈቺው «ክሊንተን» ብሎ ቢሞላም «ቦብ ዶል» ብሎ ቢሞላም ልክ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ስሞች ሰባት ሰባት ፊደል ናቸው፤ የሚያቋርጧቸው ቁልቁል ፍንጮች ደግሞ ሁሉም ሁለት መልስ እንዲቀበሉ ሆነው ተጽፈዋል። ጥቁር እንስሳ ለተባለው አንዱ ድመት ብሎ ሲሞላ ሌላው የሌሊት ወፍ ብሎ ይሞላል፤ በእንግሊዝኛ በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ የሚለያዩ ቃላት ናቸው። የእኔ አምስት ከተሞች ግን ከዝርክርክነት የመጡ ነበሩ፤ የፋሬል ሁለት ስሞች ከከባድ ልፋት።

ስለ ሰንጠረዡ ራሱ ጥቂት ልበል። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው። የእኛ 33 በሰባት ሲባዛ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር፣ 231 ይሆናል። አግድምና ቁልቁል በሚገናኙበት ሳጥን ላይ ተነባቢውም አናባቢውም መግጠም አለባቸው። ለአዘጋጁ ይህ መከራ ነው፤ ለፈቺው ግን በረከት፤ አንድ የተገኘ «ቡ» ከአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል እጅግ የበለጠ ይናገራል። የአሜሪካ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ሳጥን በሁለት ቃል እንዲያዝ ያስገድዳል፤ የእንግሊዙ ግን ግማሽ ያህሉን ሳጥን ሳያቋርጥ ይተወዋል። ለፊደላችን የእንግሊዙ ይስማማል። መገናኛው ላይ ሳድስ ፊደል፣ በተለይ ት፣ ን፣ ም እና ር ቢውል ሥራው ይቀላል፤ ቃሎቻችን በእነዚህ ማለቅ ይወዳሉና። ሳጥን ሲያስቸግር «በቤት»፣ «የቤት»፣ «ለቤት» እያሉ በመነሻ ፊደል መሙላት ይፈታተናል። እኔ አልቀበለውም፤ ቤት ቤት ነው።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ እንዴት ይሁኑ? የቅኔ ትምህርት የነበራቸው አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ሥዕል በ«ስ» ተሞልቶ ሲያዩ «ልጄ፣ ይህስ ነውር ነው» ይሉኛል፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ፊደሉ ነውና እውነት አላቸው። የሚገናኙት ሁለት ቃላት ግን አንዱ ሠ፣ ሌላው ሰ ሲፈልጉ ሰንጠረዡ ይቆማል። ጃፓኖች በፊደላቸው ውስጥ ትንሽና ትልቅ ተደርገው የሚጻፉ ምልክቶች አሏቸው፤ በመስቀለኛ ቃላት ግን ትንሹንም እንደ ትልቁ ይጽፉታል፤ ጨዋታው እንዲሄድ የተስማሙበት ነገር ነው። እኔም ከሰንጠረዡ በላይ «ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በፍንጮቹ ውስጥ ግን እያንዳንዱን ቃል በጥንቱ ፊደሉ ለመጻፍ እጠነቀቃለሁ። አባባ ይህን ስምምነት በግማሽ ልብ ተቀብለውታል።

ስለ ገላን ያለውን ፍንጭ አርሜ መልሼ ለጠፍሁት፦

«ሳሙና የሚያጠራውን፣ ከአቃቂ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ (3)»

ሳሙና የሚያጠራው ገላ ነው፤ «የሚያጠራውን» ሲል ያመጣት «ን» «ገላ»ን ወደ «ገላን» ትወስደዋለች። ሰበታም ዱከምም ሆለታም ከዚህ በር አይገቡም። በማግስቱ ከተመለሱት ወረቀቶች አንድም የተሳሳተ አልነበረም፤ ባለሱቋ ራሷ የቡና ረከቦት ላይ አስደግፋ ሞልታው አገኘኋት።

የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ አሁን ራሷ ፍንጭ መጻፍ ጀምራለች። ያለፈው እሑድ ከትምህርት ቤት ደብተሯ ቀድዳ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ «ጋሼ፣ አንድ ቃል እንዳትነካብኝ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። አነበብሁት፤ የሚነካ ቃል አላገኘሁበትም። እንዳለ በሱቋ መስኮት ላይ ተለጥፏል፦

«ሲመለስ መኪና አሽከረከረ፤ ከሕመሙ ተፈወሰ (2)»

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ሁለቱን ሳጥኖች የሞላ የለም።